ከዴልማስ ችሎት የወጣው አንቀጽ

ኦገስት 5 ቀን 1962 እሑድ ዕለት አንዲት ኦስቲን መኪና ከደርባን ተነሥታ ወደ ጆሃንስበርግ ትገሠግሣለች። የሚነዳው ሽክ ያለ ነጭ ነው፤ ከጎኑ የሾፌር ነጭ ካፖርት የደረበ ረጅም ጥቁር ሰው ተቀምጧል። ሆዊክ አካባቢ ሲደርሱ ነጮች የተሳፈሩባት ፎርድ አልፋቸው ሄደችና ቁሙ የሚል ምልክት አሳየቻቸው። ረጅሙ ሰው ስሙን ሲጠየቅ ዴቪድ ሞትሳማዪ እባላለሁ አለ። ፖሊሱ አላመነውም። ኔልሰን ማንዴላ ከዚያ ወዲያ ነጻ ሰው ሆኖ መንገድ ላይ የታየው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጉዞ ሌላው ጫፍ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ማንዴላ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ባሉበት ተኩስና ፈንጂ ሲማር ሰንብቷል። ድርጅቱ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) ቶሎ ተመለስ ብሎ ባይጠራው ኖሮ ሥልጠናው ስድስት ወር ይፈጅ ነበር። ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን። መሪውን ስለያዘው ነጭ ግን እምብዛም አይወራም። ሴሲል ዊሊያምስ ይባላል፤ በትውልዱ እንግሊዛዊ፣ በሙያው የቴአትር አዘጋጅ፣ በእምነቱ ኮሚኒስት ነበር። ወንድ የሚያፈቅር ወንድም ነበር። ማንዴላ ከተያዘ በኋላ ዊሊያምስ ከቤቱ እንዳይወጣ ታገደ፤ ኋላም ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ለትግሉ ነጻነቱንና አገሩን ከፍሏል። በዚያ ዘመን ግን ማን ማንን ያፈቅራል የሚለው ነገር በትግሉ ስብሰባ ላይ የሚነሣ ጉዳይ አልነበረም።

ከ34 ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት በማንም ላይ አድልዎ እንዳይፈጸም በሕገ መንግሥቷ የከለከለች የመጀመሪያዋ የዓለም አገር ሆነች። ጉዳዩን የሚከታተሉ ሰዎች ይህን ሲያብራሩ ሁለት መልስ ይቀናቸዋል። ግማሾቹ የማንዴላ ደግነት ነው ይላሉ፤ ግማሾቹ የምዕራባውያን ግፊት። ሁለቱም አያሳምኑኝም። ደግነት ብቻውን አንቀጽ አያጽፍም። ምዕራባውያኑም ቢሆኑ በ1996 ይህን በገዛ ሕገ መንግሥታቸው ገና አልጻፉም ነበር። እኔ የማምንበት መልስ የሚገኘው ሰቦኬንግ በተባለ የጥቁር ሰፈር የቤት ኪራይ ጠብና በአንድ የአገር ክህደት ክስ ውስጥ ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ሕጉ። የደቡብ አፍሪካ የነጮች መንግሥት «የብልግና ሕግ» የሚባል አዋጅ ነበረው። በ1957 ተሻሽሎ የወጣው ይህ አዋጅ በአንቀጽ 16 ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይተኙ ይከለክላል። በ1966 ፖሊስ ጆሃንስበርግ ፎረስት ታውን በሚባል የሀብታም ሰፈር፣ ከ300 በላይ ወንዶች የተሰበሰቡበትን ግብዣ ወረረ። ፓርላማውም ደንግጦ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በ1969 በዚያው አዋጅ ላይ አንቀጽ 20ሀ ተጨመረ፦ ከሁለት ሰው በላይ በተገኘበት ቦታ ወንድ ከወንድ ጋር ለፆታዊ ደስታ የሚያደርገው ማንኛውም ነገር ወንጀል ነው። ፖሊስ ሁለት ወንዶች ሲደንሱ ካየ ሦስተኛው ሰው እሱ ራሱ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። የወንድ ለወንድ ግንኙነት ራሱማ ከጥንት ጀምሮ ወንጀል ነበር፤ ያንን ሕግ ኬፕ ላይ የተከሉት ከሆላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ዘርን ከዘር የሚለየውና መኝታ ቤት የሚገባው ሕግ በአንድ አዋጅ ተጠርዘው ይኖሩ ነበር እንግዲህ። ይህን ማየት ለአንድ ነጭ ሐኪም ወይም ጠበቃ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ አንቀጽ ብቻ ነውና የሚነካው። ሁለቱም ለሚነኩት ሰው ግን ግልጽ ነበር።

ሳይመን ንኮሊ ሁለቱም ከነኳቸው አንዱ ነው። በ1957፣ አዋጁ በወጣበት ዓመት፣ ሶዌቶ ተወለደ። በልጅነቱ ፖሊስ የይለፍ ወረቀት የሌላቸውን ጥቁሮች ሊለቅም ቤት ለቤት ሲዞር፣ ወላጆቹን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎባቸው በሩን የከፈተው እሱ እንደነበር ኋላ ጽፏል። ዕድሜው 20 ሊሞላ ሲል ወንድ እንደሚያፈቅር ለእናቱ ሲነግራት እናት ልቧ ተሰበረ። ወደ ባህል ሐኪም ወሰደችው፣ ወደ ቄስ ወሰደችው፣ በመጨረሻም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ። ፈውስ የሚባል ነገር አልመጣም።

ንኮሊ በዚህ መሀል የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ኮንግረስ የትራንስቫል ክፍል ጸሐፊ ሆነ። ጓዶቹ ስለ እሱ ሲሰሙ እንዲህ ያለ ሰው ይምራን ወይስ አይምራን ብለው ተከራከሩ፣ ድምፅም ሰጡ። አብዛኞቹ ይቀጥል አሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከኋለኞቹ ፍርድ ቤቶችና ፓርላማዎች ሁሉ በፊት የተደረገ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው እላለሁ። የመረጡት ደግሞ የተማሪዎች ማኅበር አባላት የሆኑ የጥቁር ሰፈር ልጆች ናቸው።

በሌላ ወገን በ1982 የደቡብ አፍሪካ ጌይ ማኅበር የሚባል ድርጅት ተመሥርቶ ነበር፤ በአጠራሩ ጋሳ። አባላቱ አብዛኞቹ ነጮች ናቸው፤ ማኅበሩም ከፖለቲካ ነጻ ነኝ ይላል። ንኮሊ በ1983 ገባበት፤ በዓመቱም በማኅበሩ ውስጥ የቅዳሜ ቡድን የተባለውንና አብዛኛው አባሉ ጥቁር የሆነውን ስብስብ አቋቋመ። ትግል ሜዳ ላይ ጌይ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት፤ ጌይ ማኅበር ውስጥ ደግሞ ጥቁር መሆን ማለት ምን እንደሆነ። ሁለተኛው ሳይከብደው አልቀረም።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1984 ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ያሉት የቫል ጥቁር ሰፈሮች ነደዱ። መነሻው የቤት ኪራይ ጭማሪ ነው፤ የአካባቢው ምክር ቤት ሰዎች ደሃው ላይ ዋጋ ሲቆልሉ ሰዉ ሥራ ቀርቶ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ቀን ጥቁሩን አግልሎ ለክልሶችና ለሕንዳውያን የተለየ ምክር ቤት የሚሰጠው አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ዋለ። ፖሊስ ተኮሰ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ በኦክቶበር ወር ሰባት ሺህ ያህል ወታደርና ፖሊስ ሰቦኬንግን ከቦ ቤት ለቤት ፈተሸ። ንኮሊ በዚያው በሴፕቴምበር፣ ከቀብር ላይ፣ ተይዞ ነበር።

ክሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሃያ ሁለት ሰዎች በአገር ክህደት ተከሰሱ፤ ቅጣቱ እስከ ስቅላት ይደርሳል። ከእነሱ መካከል የፀረ አፓርታይዱ የተባበረው ዴሞክራሲያዊ ግንባር መሪዎች ፖፖ ሞሌፌና ሞሲዋ ሌኮታ ነበሩ። ሌኮታን ጓዶቹ «ቴረር» ይሉታል፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ነው እንጂ በሌላ አይደለም። ችሎቱ የተሰየመው ከዋና ከተማዋ ከፕሪቶሪያ ራቅ ባለች ዴልማስ በምትባል የገበሬ ከተማ ነው፤ ጋዜጠኛውም ቤተሰቡም እንዳይበዛ። ጠበቆቹ አርተር ቻስካልሰንና ጆርጅ ቢዞስ ናቸው። ሁለቱም ከሃያ ዓመት በፊት በሪቮንያ ችሎት ለማንዴላ ቆመዋል።

ወህኒ ውስጥ አንድ ቀን በእስረኞች መካከል ስለ ወንድ ለወንድ ግንኙነት ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ነገሩን አምርረው ሲያወግዙ ንኮሊ ዝም ማለት አልቻለም፤ እኔም እንደዚያ ነኝ አለ። ክፍሉ ተረበሸ። ከተከሳሾቹ መካከል ከእሱ ጋር አንድ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አንቆምም፣ አቃቤ ሕግ ይሳለቅብናል፣ ክሱ ይለይልን ያሉ ነበሩ። ስቅላት የሚጠብቀው ሰው ጉዳዩ እንዳይበላሽበት ቢሰጋ አይፈረድበትም። ክርክሩ ቀናት ወሰደ፣ ከዚያም ወራት። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ላይ ቆሙ። ሌኮታ ከዓመታት በኋላ ሲያስታውሰው፣ የሳይመን መናገር ለሁላችንም ትምህርት ነበር፣ አፓርታይድን ለመጣል ትከሻቸውን የሰጡ ሰዎችን ነገ በዚህ ምክንያት ይገለሉ ማለት እንዴት እንችላለን ብሏል። ይህን ትምህርት በመጽሐፍ ወይም በስብከት የሚያገኙት አይመስለኝም። አንድ ገመድ ለሁለታችሁም አንገት ሲዘጋጅ ነው የሚገኘው።

ጋሳስ? ጋሳ ንኮሊን አልደገፈም። የታሰረው በፖለቲካ ነው እንጂ በጌይነቱ አይደለም አሉ። በ1987 ምርጫ ደግሞ የጌይ ጋዜጣው «ኤግዚት» በሂልብሮው ሰፈር የገዥውን የናሽናል ፓርቲ ዕጩ ሊዮን ዴ ቢርን ምረጡ አለ፤ ሰውየውም አሸነፈ። ከፖለቲካ ነጻ ነን የሚሉ ሰዎች ፖለቲካቸው የሚታወቀው ምርጫ ሲመጣ ነው። የውጭው ዓለም ግን ሌላ አየ። በካናዳ ቶሮንቶ በንኮሊ ስም ፀረ አፓርታይድ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከስኮትላንድ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ለገና ወህኒው በፖስታ ካርድ ተሞላ። ጓዶቹ ይህን ሁሉ ሰው ምን አገኘው ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም። እነሱ በዚያ ጊዜ በአውሮፓም በአሜሪካም ደጋፊ የሚፈልጉ ተከሳሾች ናቸውና። ዓለም አቀፉ የጌይና ሌዝቢያን ማኅበርም ጋሳን ከአባልነት አገደ።

በዚያው 1987 ለንደን ላይ ሌላ ነገር ተከሰተ። ፒተር ታቸል የተባለ የመብት ተሟጋች የኤኤንሲ ከፍተኛ አመራር የሆነችውን ሩት ሞምፓቲን ስለዚህ ጉዳይ ጠየቃት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ችግር የለባቸውም፣ ኑሯቸው የተመቻቸ ነው፣ ለእኛ ጉዳያችን አይደለም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠች። ንግግሩ በጌይ ጋዜጣ ሲታተም ለዓመታት ለኤኤንሲ ሰልፍ የወጡ፣ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ተቆጡ። ታቸል የድርጅቱ የስደት አመራር ባለባት ሉሳካ ለሚገኘው ለታቦ ምቤኪ ጻፈ። ምቤኪም በኖቬምበር መለሰለት፦ ድርጅቱ ፆታዊ ዝንባሌን መሠረት ያደረገ አድልዎን ይቃወማል፣ ነጻ በወጣችው ደቡብ አፍሪካም ሰዎች በዚህ ምክንያት አይበደሉም። ኤኤንሲ እንዲህ ያለ ቃል በጽሑፍ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። ቁጣው የሠራው ከውስጥ ስለመጣ ነው፤ በትግሉ ላይ ድርሻ የሌለው ሰው ቢጮህ ሉሳካ አይሰማም ነበር።

ሁሉም ግን እንደ ንኮሊ አልተናገረም፤ የሚናገርበት ሁኔታም አልነበረውም። ሐኪሙ ኢቫን ቶምስ በክሮስሮድስ የደሃ ሰፈር ክሊኒክ ከፍቶ ያክም ነበር። ወታደሩ ያንን ሰፈር ሲያፈርስ በዓይኑ ስላየ ለዚያ ሠራዊት አላገለግልም አለ፤ በ1988 የ630 ቀን እሥራት ተፈረደበትና ዘጠኝ ወር ያህል ታስሮ ወጣ። ጌይ ነው። ነገር ግን ግዳጅ ውትድርናን የሚቃወመው ዘመቻ ጠላት መሣሪያ ያደርገዋል ብሎ ስለፈራ፣ ቶምስ ይህን ለሕዝብ ሳይናገር ቆየ። መንግሥት በስውር ስሙን በግድግዳ ላይ ከማጥፋት አልተመለሰም። ትግል መጠጊያ የሚሆነውን ያህል አፍ የሚያስይዝበትም ጊዜ አለ፤ ታሪኩን ስንናገር ይህን ማለፍ አይገባም።

ንኮሊ በ1987 በዋስ ወጣ፤ በኖቬምበር 1988 በነጻ ተለቀቀ። ሌኮታና ሞሌፌ ተፈረደባቸው፤ በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው። ንኮሊ ከመፈታቱ በፊት፣ ዋስ ላይ እያለ፣ ግሎው የተባለውን የዊትዋተርስራንድ የጌይና ሌዝቢያን ድርጅት ከወዳጆቹ ጋር መሥርቶ ነበር። አብረውት ከሠሩት አንዷ የሶዌቶ ልጅ ቤቨርሊ ዲትሲ ናት፤ ገና ሃያ አልሞላትም።

ኦክቶበር 13 ቀን 1990፣ ማንዴላ ከወህኒ በወጣ በስምንተኛው ወር፣ በአፍሪካ የመጀመሪያ የሚባለው የፕራይድ ሰልፍ ከጆሃንስበርግ ብራምፎንቴይን ተነሣ። ስምንት መቶ ያህል ሰው ነው። ዝናብ ነበር። ሥራዬን አጣለሁ፣ ቤተሰቤ ያየኛል ብለው የፈሩ ሰዎች ፊታቸውን በወረቀት ከረጢት ሸፍነው፣ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ ቀደው ተሰልፈዋል። ንኮሊ ሳይሸፈን ፊት ለፊት ቆመና፣ እኔ ጥቁርም ነኝ፣ ጌይም ነኝ፣ እነዚህን ሁለቱን አንዱን ቀዳሚ አንዱን ተከታይ ትግል አድርጌ መለያየት አልችልም የሚል ይዘት ያለው ንግግር አደረገ። በዚያው መድረክ የተናገረው ወጣቱ የመብት ጠበቃ ኤድዊን ካሜሮን ኋላ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ዲትሲም ተናገረች፤ በቴሌቪዥን ከታየች በኋላ ሰፈሯ ውስጥ ዛቻ ተከተላት።

በሚቀጥለው ዓመት ዊኒ ማንዴላ ወጣቶችን አሳፍናለች ተብላ ስትከሰስ፣ የመከላከያው ክርክር ልጆቹን ከአንድ ነጭ ቄስ ብልግና ለማዳን ነው የሚል ሆነ። ከፍርድ ቤቱ ውጭ ይህ ነገር በጥቁር ባህል የለም የሚሉ ጽሑፎች ተሰቀሉ። ግሎው ለኤኤንሲ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ይህ አባባል ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያም ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፣ ከባህላችን ውጭ ነው የሚለውም በየመድረኩ ይሰማል። በደቡብ አፍሪካ ግን መልሱ በጆሃንስበርግ ጎዳና በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ንኮሊ፣ የጥቁር ሰፈር ልጅ፣ በኪራዩ አመፅ የታሰረ። ከውጭ የመጣ ነው ለማለት አይመችም።

ያን ጊዜ ነው ከነጮቹ መንግሥት ጋር የአዲስ ሕገ መንግሥት ድርድር የተጀመረው። ከኤኤንሲ የሕግ ሰዎች አንዱ አልቢ ሳክስ ነበር፤ በ1988 ማፑቶ ላይ በተጠመደበት ቦምብ አንድ ክንዱንና የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣ። «ፆታዊ ዝንባሌ» የሚለው ቃል በ1993 ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ገባ። በዲሴምበር 1994 የተመሠረተው ብሔራዊ የእኩልነት ጥምረት፣ ንኮሊም ያለበት፣ በመጨረሻው ሰነድ እንዳይወጣ ተሟገተ። የኬኔት ሜሾ የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ አጥብቆ ተቃወመ፤ ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅም እንቃወማለን ያሉት ሁለቱ ድምፆች የእሱ ነበሩ። ማንዴላ ሰነዱን ዲሴምበር 10 ቀን 1996 የፈረመው ሻርፕቪል ላይ ነው። ሻርፕቪል የቫል ሰፈር ናት፤ በ1984ቱ የኪራይ አመፅ ከነደዱት አንዷ።

ኦክቶበር 9 ቀን 1998 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የወንድ ለወንድ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርጉትን ሕጎች፣ አንቀጽ 20ሀን ጨምሮ፣ ሻራቸው። የችሎቱ ፕሬዚዳንት አርተር ቻስካልሰን ነው፤ በዴልማስ ለንኮሊ የቆመው ጠበቃ። ንኮሊ ፍርዱን ሰምቶ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኖቬምበር 30 ቀን፣ በኤድስ ሞተ። መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበር፤ ዋጋው ግን የደሃ አገር ሰው የሚደርስበት አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን ዛኪ አክማት ከጥቂት ሰዎች ጋር ኬፕ ታውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሕክምና ዘመቻ የተባለውን ድርጅት ጀመረ። አክማት ገና በልጅነቱ ለፀረ አፓርታይድ ትግል የታሰረ፣ በኋላ ማርክሳዊ ሆኖ ያደገ፣ ጌይ የሆነና ቫይረሱም በደሙ ያለበት ሰው ነው። ዘመቻው የትግሉን ዜማ ወስዶ አዲስ ግጥም ሰጠው፣ ጉልበት እያነሡ የሚረገጡትን ቶዪ ቶዪ የተባለውን የሰልፍ ጭፈራ ወደ ሆስፒታል በር አመጣው። አብዛኞቹ አባላት ድሃ ጥቁር እናቶች ነበሩ። ሰላሳ ዘጠኝ የመድኃኒት ኩባንያዎች በመንግሥት ላይ የመሠረቱትን ክስ በ2001 አነሡ። ከዚያ ደግሞ ዘመቻው ዞሮ መንግሥትን ከሰሰ፤ ፕሬዚዳንቱ ኤድስ በቫይረሱ መምጣቱን የሚጠራጠር ሰው ሆኖ ነበርና። ፕሬዚዳንቱ ታቦ ምቤኪ ነው፤ በ1987 ያንን ደብዳቤ የጻፈው። በጁላይ 2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚያግደው ኔቪራፒን በመንግሥት ሆስፒታሎች ይሰጥ አለ። አክማት ሕዝብ ሁሉ እስኪያገኝ ድረስ መድኃኒት አልወስድም ብሎ ነበር፤ ማንዴላ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲውጥ ለመነው። የዋጠው በ2003፣ መንግሥት እጁን ሲሰጥ ነው።

በኖቬምበር 2006 ፓርላማው የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በ230 ለ41 ድምፅ አጸደቀ። ከዓመት በፊት ፍርድ ቤቱ ሕጉ እንዲወጣ አዝዞ ነበር፤ ያንን ፍርድ የጻፈው አልቢ ሳክስ ነው። ሕዝቡ ይደግፈው ነበር ማለት አይቻልም፤ ጄኮብ ዙማ ለአገርም ለፈጣሪም ነውር ነው ብሎ ነበር፣ ኋላ ይቅርታ ቢጠይቅም። በክርክሩ ላይ ተነሥተው ከተናገሩት አንዱ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሞሲዋ ሌኮታ ነው። እነዚህ ሰዎች በትግሉ ዘመን ከእኛ ጋር ነበሩ፣ ነጻነቱ ሲመጣ እናንተን አይመለከትም እንበላቸው ወይ የሚል ነበር ነገሩ። ሚኒስትሩ ማንን እያሰበ እንደሚናገር ምክር ቤቱ ውስጥ የሚያውቁ ነበሩ።

ወረቀቱና ሰፈሩ ግን አልተገናኙም። ለብሔራዊ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የተጫወተችው ዩዲ ሲሜላኔ በ2008 ክዋቴማ ላይ ተደፍራና ተወግታ ተገደለች። ሌሎችም ጥቁር ሌዝቢያን ሴቶች ተገድለዋል። የጆሃንስበርግ ፕራይድ በዚያ ጊዜ ወደ ሀብታሞቹ የሰሜን ሰፈሮች ሄዶ፣ ስፖንሰር ያለው፣ ሙዚቃ የበዛበት ዝግጅት ሆኖ ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 2012 ዋን ኢን ናይን የተባለ የሴቶች ዘመቻ አባላት ሮዝባንክ ላይ ሰልፉ ፊት አስፋልት ላይ ተኙ። የጠየቁት ለተገደሉት የአንድ ደቂቃ ዝምታ ነው። በአዘጋጆቹ የተገፈተሩና የተሰደቡ አሉ፤ መኪና በላያችሁ ይሄዳል የተባሉም። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። ቤቨርሊ ዲትሲን ጨምሮ የ1990ዎቹ ሰዎች እኛ የጀመርነው ይህን አልነበረም አሉ።

በ2013 የሰልፉ ቦርድ ራሱን አፈረሰ። ጥቁር ሌዝቢያን ሴቶች በ2004 የጀመሩት የሶዌቶ ፕራይድ ግን የሚነሣው አሁንም ከጥቁር ሰፈር ነው፤ ይዞት የሚወጣው ጥያቄም የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፦ ገዳዮቹ ለምን አይያዙም፣ ሲያዙስ ክሱ ለምን ዓመት ይፈጃል?